ጠርቶ የታመመው ብርጭቆ

ጆን ግሪን የለንደን ብርጭቆ ነጋዴ ነበር። ከ1667 እስከ 1672 ባሉት ዓመታት (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቬኒስ ለሚገኘው አቅራቢው ለአሌሲዮ ሞሬሊ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ። የሚፈልገውን ዕቃ በቃል ከማስረዳት ይልቅ ቅርጹን ሥሎ ይልክ ነበርና ወረቀቶቹ በንድፍ የተሞሉ ናቸው። ከንድፉ ጎን ለጎን አቤቱታ አይጠፋም፤ የተሰበረው በዝቷል፣ ጥራቱ ወርዷል ይላል። አንዱ ማሳሰቢያው ግን ለየት ይላል። ብርጭቆው በሣር ተጠቅጥቆ ነበር በመርከብ የሚጫነው። ግሪን ሣሩ በሚገባ ይድረቅ፣ ከታሸገም በኋላ ውሃ እንዳይነካው፣ አለዚያ ብርጭቆውን ያወይበዋል፣ ያበላሸዋል ብሎ አጥብቆ ያስጠነቅቃል።

ውሃ የሚጠጣበት ዕቃ እርጥብ ሣር ያበላሸዋል ሲባል ግር ማለቱ አይቀርም። ግሪን ምክንያቱን አልጻፈም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ይኸው እርጥበት በለንደን አንድ ትልቅ የንግድ ሥራ ሊያፈርስ ደርሶ ነበር። ለ100 ዓመት ያህል የእንግሊዝን የጣፋጭ ገበታ ያስጌጠው ብርጭቆም የተገኘው ያንን ጉዳት ለማስቀረት ሲደከም ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቬኒስ ነው። በ1291 የቬኒስ መንግሥት ከተማዋን እሳት እንዳይበላት ሰግቶ የብርጭቆ ምድጃዎች ወደ ሙራኖ ደሴት እንዲዛወሩ አዘዘ። ደሴቲቱ ሙያን ለመደበቅም የተመቸች ሆነች፤ ባለሙያዎቹ ምስጢራቸውን ይዘው ወደ ሌላ አገር እንዳይኮበልሉ ሕግ ወጣባቸው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ አንጀሎ ባሮቪየር የተባለ የሙራኖ ሰው በዘመኑ ወደር ያልነበረው ብርጭቆ አወጣ። የዚያ ጊዜ ተራ ብርጭቆ አሸዋውና አመዱ ውስጥ ባለው ብረት ምክንያት አረንጓዴ ወይም ቢጫ ይል ነበር። ባሮቪየር ከሶርያና ከግብፅ አካባቢ የሚመጣውን የዕፅዋት አመድ በውሃ አፍልቶ፣ አጥልሎ፣ ጨዉን ብቻ ለይቶ ተጠቀመበት፤ የቀረውን ቀለም የሚያጠፋ ጥቂት ማንጋኒዝም ጨመረበት። ከምድጃው የወጣው ነገር ከተራራ የሚቆፈረውን ጥርት ያለ የክሪስታል ድንጋይ ስለመሰለ ክሪስታሎ ተባለ።

የአውሮፓ መኳንንት ይህን ብርጭቆ ለወይን ብቻ አልነበረም የፈለጉት። ከምግብ በኋላ የሚቀርበው የጣፋጭ ገበታ የቤቱ ሀብት የሚለካበት ትርዒት ነበር። ስኳር ውድ ነው፤ በስኳር የተቀቀለ ብርቱካን፣ በስኳር የተለበጠ ለውዝ፣ እንደ ዕንቁ የሚያበራ ጄሊ ከመበላቱ በፊት መታየት አለበት። ጠጅ በብርሌ ሲሆን ወርቅማ መልኩ ቀድሞ ዓይን እንደሚያጠግብ ሁሉ፣ እነዚህም ከሸክላና ከብር ይልቅ የሚያምሩት በጠራ ብርጭቆ ነው። የአቀራረቡ ልማድ ወደ ላይ መከመር ነበር። ፈረንሳዊቷ ማዳም ደ ሴቪኜ በ1671 በጻፈችው ደብዳቤ ፍራፍሬ የተከመረበት ፒራሚድ ቁመቱ ከበር እያለፈ ማስቸገሩን ትነግረናለች፤ 20 የፖርሴሊን ሳህን የተደረደረበት አንዱ ክምር በር ላይ ተደናቅፎ ሲናድ ድምፁ የሙዚቀኞቹን ዜማ እንዳሰጠመው ታወጋለች።

እንግሊዞች ይህን ብርጭቆ ከቬኒስ በውድ ዋጋ ማስመጣት ሰልችቷቸው ነበር። በ1575 ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ጃኮፖ ቬርዜሊኒ ለተባለ ቬኒሳዊ በለንደን ብርጭቆ የመሥራት የ21 ዓመት ብቸኛ መብት ሰጥታው ነበር። በ1615 ደግሞ ቀዳማዊ ጄምስ ለመርከብ የሚሆነው እንጨት እንዳያልቅ ሲል የብርጭቆ ምድጃ በእንጨት እንዳይነድ ከለከለ፤ ባለሙያዎቹ ፊታቸውን ወደ ድንጋይ ከሰል አዞሩ። የከሰሉ እሳት ኃይለኛ ነው፣ ጭሱ ግን የቀለጠውን ብርጭቆ ያጠቁረዋል። መላው ብርጭቆው የሚቀልጥበትን የሸክላ ማሰሮ ከላይ መክደን ሆነ።

በ1662 አንድ መጽሐፍ ለንደን ላይ ታተመ። ፍሎረንሳዊው ቄስ አንቶኒዮ ኔሪ በ1612 ስለ ብርጭቆ አሠራር የጻፈውን ሐኪሙ ክሪስቶፈር ሜሬት የራሱን ማብራሪያ አክሎ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። የሙራኖ ምስጢር የተባለው ብዙው ነገር እዚያ ተዘርዝሯል። አራተኛው ክፍል ስለ እርሳስ ነው፤ ጥይትና ቧንቧ ስለሚሠራበት ከባዱ ማዕድን። ኔሪ እርሳስ የገባበት ብርጭቆ የከበረ ድንጋይ አስመስሎ ለመሥራት እንደሚያገለግል ገልጾ፣ በደንብ ያልተዘጋጀ እርሳስ የማሰሮውን ቂጥ በስቶ እንደሚወጣ ያስጠነቅቃል። ሜሬት በበኩሉ ይህ ዓይነቱ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሆነ በእንግሊዝ ምድጃዎች አይሠራበትም ብሎ አለፈው። ኋላ ብርጭቆውን ለሚይዘው ሕመም መድኃኒቱ 12 ዓመት ቀድሞ በመጽሐፍ ወጥቶ ነበር ማለት ነው፤ ሆኖም ያስተዋለው አልነበረም።

ጆርጅ ሬቨንስክሮፍት ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ካቶሊክ ነው፣ የነጋዴ ልጅ ነው፣ ራሱም ዓመታትን በቬኒስ ያሳለፈ ነጋዴ ነው። በእጁ ብርጭቆ ነፍቶ አያውቅም፤ ገበያው የሚፈልገውን ግን ከማንም በላይ ያውቃል። በ1673 በለንደን ሳቮይ በተባለው ሰፈር ምድጃ ተከለ። በግንቦት 1674 የተፈጥሮ ክሪስታል ለሚመስል ብርጭቆ የሰባት ዓመት የፈጠራ መብት ከንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ አገኘ። በ1664 በቻርተር የተቋቋመው የለንደን ብርጭቆ ሻጮች ማኅበርም ውል ገባለት፤ ማኅበሩ ቅርጹን ይወስናል፣ ሬቨንስክሮፍት ይሠራል፣ እነሱ ይሸጣሉ። ሙከራው ከሰው ዓይን ራቅ ብሎ እንዲካሄድ በቴምዝ ወንዝ ዳር በምትገኘው ሄንሊ ሁለተኛ ምድጃ ተከፈተ።

የሄንሊን ሥራ የምናውቀው የኦክስፎርድሺርን የተፈጥሮ ታሪክ በጻፈው በሮበርት ፕሎት አማካይነት ነው። በ1677 በታተመው መጽሐፉ ዳ ኮስታ የሚባል ከጣልያን ሞንፌራቶ የመጣ ባለሙያ ሥራውን ይመራ እንደነበር ይገልጻል። በአሸዋ ፋንታ ጥቁር ባልጩት ያቃጥላሉ፤ ባልጩቱ በእሳት ነጥቶ ሲፈረካከስ ያደቁታል። ዱቄቱ በቀላሉ እንዲቀልጥ ባሩድ የሚቀመምበትን ጨው፣ ከወይን ጠጅ በርሜል ውስጥ የሚፋቀውን ታርታርና ቦራክስ ይጨምሩበታል። ሁሉም የተመረጠና የተጣራ ነው። የተገኘው ብርጭቆም እንደታሰበው ጥርት ያለ ነጭ ሆነ።

ከዚያም ታመመ። ከምድጃ ሲወጣ እንከን ያልነበረው ዕቃ ጥቂት ቆይቶ ሲዳሰስ ያሟልጫል፤ ላብ ያለው ይመስላል። ሲያጥቡት ይጠራል፣ ሲያስቀምጡት መልሶ ይጨልማል። ቀጥሎ ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች በገላው ላይ ይዘረጋሉ፤ ወደ ብርሃን ቢያነሡት የሸረሪት ድር የገባበት ይመስላል። ሕመሙ ሲጠና ገጹ እየተቀረፈ ይረግፋል። ገንዘብ ከፍሎ ለገበታው ክብር የገዛ ሰው ዕቃው በቁም ሣጥን ውስጥ እንዳለ ሲሞት ይመለከተዋል። ፕሎት ጥፋቱን በጨዉ መብዛት ያመካኛል። አልተሳሳተም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረን።

ሌላውን ግማሽ የተናገረው የኋለኛው ዘመን ኬሚስትሪ ነው። የብርጭቆ አጥንት ሲሊካ ነው፤ አሸዋውም ባልጩቱም እሱው ነው። ብቻውን ለማቅለጥ 1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ይጠይቃል፤ የዚያ ዘመን ምድጃ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ማቅለጫ ጨው፣ ሶዳ ወይም ፖታሽ፣ ይጨመርበታል። ችግሩ ጨው ውሃ ይወዳል። ብርጭቆው ውስጥ ጨዉን አስሮ የሚይዝ ነገር ከሌለ የአየር እርጥበት እየሳበ ያወጣዋል፤ ላቡ ይህ ነው። ጨው የወጣበት ገጽ ደግሞ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። በተራ ብርጭቆ ውስጥ ጨዉን አስሮ የሚይዘው ኖራ ነው። ኖራ ደግሞ ማንም ሳያስብበት ከቆሻሻው አመድ ጋር አብሮ ይገባ ነበር። አመዱን አፍልተው፣ አጥልለው ቆሻሻውን ሲያስወግዱ ኖራውንም አብረው ደፉት። የሄንሊው ብርጭቆ የታመመው ከመጠን በላይ ስለጠራ ነው። ግሪን ስለ እርጥብ ሣር ያሰማው ስጋትም መነሻው ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ የቬኒስ ክሪስታሎም ቢሆን ሲጣራ ኖራው የቀነሰ ነው።

ሬቨንስክሮፍት ይህን ኬሚስትሪ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ በዘመኑ ማንም አያውቀውም። የነበረው ምርጫ እየቀያየሩ መሞከር ነው። ጨዉን ሲቀንሱ ብርጭቆው አልቀልጥ ይላል፤ ስለዚህ ሌላ ማቅለጫ ያስፈልጋል። ምርጫው ያ ሜሬት ያለፈው እርሳስ ሆነ። የእርሳስ ኦክሳይድ ሲሊካን ያቀልጣል፣ ግን እንደ ጨው በእርጥበት ተስቦ አይወጣም። እርሳሱ መቼ፣ በማን እጅ እንደገባ የሚናገር ወረቀት የለም፤ የፕሎት ዝርዝርም እርሳስን አያነሳም። ውጤቱ ግን በጽሑፍ አለ። በሰኔ 1676 የወጣ የምስክር ወረቀት ብርጭቆው ይሰነጠቅበት የነበረው ጉድለት ከወራት በፊት እንደተወገደ፣ የተለመዱት መፈተኛዎች ተደጋግመው እንደተሞከሩበትና እንዳለፋቸው ያረጋግጣል። አያይዞም አዲሱ ከአሮጌው በድምፁ ይለያል፣ ልዩነቱን ማንም ሰው ሊሰማው ይችላል ይላል። በእርግጥም እርሳስ ያለበት ብርጭቆ በጣት ሲመታ ረዥም የደወል ድምፅ ይሰጣል።

ገዢ ግን አንዴ ተቃጥሏል። በ1677 ሬቨንስክሮፍት ጤነኛውን ብርጭቆ ከታመመው የሚለይበት ማኅተም እንዲያትም ተፈቀደለት፤ ከስሙ ጋር የሚሄድ የቁራ ራስ ነው፣ ከአዝራር የማይበልጥ የብርጭቆ ጠብታ ላይ ታትሞ በዕቃው ገላ ይለጠፋል። ይህ ማኅተም ያለባቸው ጥቂት ዕቃዎች ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየምና በሌሎች ስብስቦች ይታያሉ። የሚገርመው አንዳንዶቹ ዛሬም የተሰነጠቁ ናቸው። ፈውሱ በአንድ ቀን የተገኘ ሳይሆን የእርሳሱ መጠን ቀስ በቀስ እያደገ፣ ኋላ ላይ 30 በመቶ አካባቢ ሲደርስ የጸና ነው። ሙዚየሞች እነዚህን ሕሙማን የሚያቆዩት የአየሩን እርጥበት 40 በመቶ አካባቢ ላይ ይዘው ነው።

ግኝቱ የሬቨንስክሮፍት ብቻ ነው ማለትም አይቻልም። ኦዳሲዮ ፎርሚካ የተባለ ጣልያናዊ በ1675 በአየርላንድ ተመሳሳይ መብት አግኝቶ ነበር፤ እሱም ዳ ኮስታም አስቀድሞ በኔዘርላንድስ ይሠሩ ነበር። የቅርብ ጊዜ አጥኚዎች እርሳሱን በሙያተኞቹ እጅ ከቦታ ቦታ ሲዞር የበሰለ የጋራ ዕውቀት አድርገው ያዩታል። ገንዘቡን፣ ገበያውንና ማኅተሙን ያቀረበው ግን ሬቨንስክሮፍት ነው። የፈጠራ መብቱ በ1681 አበቃ፣ እሱ በ1683 ሞተ። በሩ ለሁሉ ተከፈተና በ1696 ጆን ሆተን የእንግሊዝን የብርጭቆ ምድጃዎች ሲቆጥር 27ቱ ይህንኑ ብርጭቆ ይሠሩ ነበር።

አዲሱ ብርጭቆ ከቬኒሱ ጋር አይመሳሰልም። ይከብዳል፤ ሲቀልጥም ቶሎ ስለማይደርቅ ሠራተኛው ወፍራም እግርና ወፍራም አንገት ያወጣለታል። ብርሃንን አጥብቆ ስለሚሰብር በሻማ ፊት ያንጸባርቃል። ገሩ ገላው ለመቅረጽ ይመቻል፤ በሚሽከረከር ብረት፣ በአሸዋና በውሃ ገጹን እየበሉ፣ በድንጋይ አለስልሰው፣ በእንጨት መንኮራኩር ይወለውሉታል። የጣፋጭ ገበታ ይፈልግ የነበረው ይህንኑ ነው፤ ክምር የሚሸከም ጥንካሬና የሻማ ብርሃን የሚያባዛ ገላ።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ቤቶች የፖርሴሊኑን ክምር በብርጭቆ ተኩት። አንድ ትልቅ እግር ያለው ጠፍጣፋ የብርጭቆ ሳህን ከሥር ይቀመጣል፤ በላዩ አነስ ያለ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በየደረጃው ዙሪያውን ትንንሽ የጄሊ ብርጭቆዎች ይደረደራሉ፤ ጫፉ ላይ ለብቻው ከፍ ያለ ብርጭቆ በስኳር የተቀቀለ ብርቱካን ወይም ሌላ ፍሬ ይዞ ይቆማል። ሐና ግላስ በ1760 ገደማ ባሳተመችው የጣፋጭ መጽሐፍ ይህ ድርድር እንዴት እንደሚዘጋጅ ለእመቤቶች ታስረዳለች።

የጄሊው ብርጭቆ ጠባብና ረዥም ነው፤ ከታች ቀጥኖ ወደ አፉ እንደ መለከት ይከፈታል። ውስጡ የሚገባው ነገር ቀላል ሥራ አልነበረም። የጥጃ እግር ለሰዓታት ይቀቀላል፤ ሲበርድ ስቡ ተገፎ ይጣላል። የረጋው እንደገና ከወይን ጠጅ፣ ከሎሚ፣ ከስኳርና ከተመታ የእንቁላል ነጭ ጋር ይፈላል፤ የእንቁላሉ ነጭ ድፍርሱን ሰብስቦ ወደ ላይ ያወጣዋል። ከዚያ በሱፍ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ እስኪጠራ ደጋግመው ያንጠባጥቡታል። ቀዩ ቀለም ከኮቺኒል ነፍሳት፣ ቢጫው ከሳፍሮን፣ አረንጓዴው ከስፒናች ጭማቂ ይገኛል። ይህን ያህል የተደከመበት ጥራት በማይታይ ዕቃ ቢቀርብ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ሲላባብ የሚባለውም እንዲሁ ነበር፤ ስልባቦት ከወይን ጠጅ፣ ከሎሚና ከስኳር ጋር ተመትቶ አረፋው በወንፊት ላይ ይጠፈፋል፤ ቀለም ያለው ወይን ጠጅ ብርጭቆው ውስጥ ይቀዳና ነጩ አረፋ ከላይ ይከመርበታል። እንግዳው ሁለቱን ቀለማት በብርጭቆው ገላ ያያል።

የዚህ ውበት ዋጋ የተከፈለው ሌላ ቦታ ነው። ገበታውን የሞላው ስኳር ባርቤዶስና ጃማይካ ላይ በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን ጉልበት የተመረተ ነው። ለብርጭቆው የሚሆነውን የእርሳስ ዱቄት ያዘጋጁ የነበሩ ሠራተኞችም በየዕለቱ መርዝ ይተነፍሱ ነበር። የፒራሚዱን ንድፍ የሚያስተምሩት መጻሕፍት ስለነዚህ ሰዎች አንዲት ቃል የላቸውም።

መንግሥትም ድርሻውን ጠየቀ። በ1745 የወጣው ሕግ ብርጭቆን በጥሬ ዕቃው ክብደት አስቀረጠ፤ ክብደቱ መኩሪያው ለነበረ ብርጭቆ ይህ ቀጥተኛ ምት ነው። ሠሪዎች ገላውን እያሳሱ፣ በእግሩ ውስጥ የአየር ወይም የነጭ ቀለም ክር እየጠመዘዙ ጌጡን ከክብደት ወደ እጅ ሥራ አዞሩት። ቀረጡ በ1777 እጥፍ ሆነ። በ1780 አየርላንድ ብርጭቆዋን በነፃነት ወደ ውጭ እንድትልክ ሲፈቀድላት ብዙ ባለሙያዎች ባሕሩን ተሻግረው ሄዱ፤ በ1783 የፔንሮዝ ቤተሰብ በዋተርፎርድ የከፈተው ፋብሪካ በጥልቅ ቅርጹ ስመ ጥር ሆነ። እንግሊዝ ቀረጡን ያነሳችው በ1845 ነው።

የዚያን ጊዜ ግን ሌላ ለውጥ ከአትላንቲክ ማዶ ተጀምሯል። በ1820ዎቹ አሜሪካውያን የቀለጠ ብርጭቆ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ጨምረው በማንሻ መጫን ጀመሩ፤ ዴሚንግ ጃርቭስ በማሳቹሴትስ ሳንድዊች ያቋቋመው ፋብሪካ በዚህ ከታወቁት አንዱ ነው። ቅርጹ በሰዓታት ቀረጻ ሳይሆን በአንድ ግፊት ይወጣል። በ1864 ደግሞ በዌስት ቨርጂኒያ፣ ዊሊንግ፣ ዊልያም ሌይተን ያለ እርሳስ ጥርት የሚል የሶዳና የኖራ ብርጭቆ ቀመመ። ያ አመዱ ሲጠለል የተደፋው ኖራ አሁን ተመጥኖ፣ ሆን ተብሎ ተመለሰ። የአይስክሬምና የኬክ እግር ያለው ሳህን ተራው ሕዝብ ቤት የገባው ከዚያ ወዲህ ነው።

እርሳስ ያለበት ክሪስታል ዛሬም ይሸጣል። በአውሮፓ ከ1969 ጀምሮ በሕግ ይህን ስም ለመያዝ ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ሊኖረው ይገባል። በ1991 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ዓይነት ማንቆርቆሪያ ለወራት የተቀመጠ ወይን ጠጅ ውስጥ ያለው እርሳስ ክፉኛ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ስለዚህ ቤትዎ ከባድና ሲመታ የሚደውል ክሪስታል ካለ፣ በበዓል ቀን ጣፋጭ ያቅርቡበት፣ እንግዳ ያስደስቱበት፤ ወይን ጠጅ፣ ጭማቂ ወይም ሎሚ የገባበትን ነገር ግን አያስቀምጡበት፣ ለሕፃናትም ባይሰጡበት ይመረጣል። አዲስ የሚገዙ ከሆነም እርሳስ አልባውን ይጠይቁ፤ ዛሬ በሌላ ማዕድን የሚሠራ ጥሩ ጥሩ አለ።